ዘመናዊ ሥዕልና የአንጎል ሳይንስ፦ ሳይንሱ የሚያስረዳን ምኑን ነው?

ቀለም ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ነውና ዛሬ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ስለ ሥዕልና ስለ አንጎል የሚጻፈው በዝቷል። «ሳይንስ የውበትን ምስጢር ፈታ» የሚል ርዕስ በየጊዜው እናያለን። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ሥዕሉንም ሳይንሱንም። ግን አንድ ነገር እየጠራልኝ መጥቷል። የአንጎል ሳይንስ ጉልበት የሚኖረው አንድ ሥዕል ፊት ቆሞ፣ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «እዚህ ጋ እንዲህ የሚታይህ በዚህ ምክንያት ነው» ሲለን ነው። «ውበት አንጎል ውስጥ የት ትገኛለች?» ብሎ ሲነሳ ግን ወዲያው ይዝላል።

በምሳሌ ላሳይ። ክሎድ ሞኔ በ1872 የሣለው የወደብ ንጋት አለ። ኢምፕሬሽኒዝም የሚባለው የሥዕል ስልት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥዕል ነው። ጭጋግ፣ ውሃ፣ ትንንሽ ጀልባዎች፣ ከላይ ደግሞ ብርቱካናማ ፀሐይ። ፀሐይዋን ትንሽ ቆየት ብላችሁ ስታዩዋት ትርገበገባለች። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሊቪንግስተን ይህን አጥንታዋለች። ያገኘችው ይገርማል። ፀሐይዋ ከዙሪያዋ ካለው ግራጫ ሰማይ እምብዛም አትደምቅም። ቀለሟ ሌላ ነው እንጂ የብርሃኗ መጠን ከሰማዩ ጋር እኩል ሊባል ይችላል።

አንጎላችን ደግሞ የሚያየው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንዱ ሥርዓት ነገሩ ምን እንደሆነና ምን ቀለም እንዳለው ይለያል። ሌላው፣ በዝግመተ ለውጥ ቀድሞ የመጣው፣ ቦታን፣ ጥልቀትንና እንቅስቃሴን ይከታተላል። ይሄኛው ቀለም ላይ ደካማ ነው፤ የሚያነበው የብርሃንና የጥላ ልዩነትን ነው። የሞኔ ፀሐይ ለመጀመሪያው ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሁለተኛው ግን ሊይዛት አይችልም። አንዱ «አለች» ይላል፣ ሌላው «የት?» ይላል። መርገብገቡ ከዚህ ይመጣል።

ለእኔ ማብራሪያ ማለት ይሄ ነው። ሥዕሉን አላሳነሰብኝም። እንዲያውም ሞኔ ዓይኑን ምን ያህል ያምን እንደነበር አሳየኝ። እናንተስ? ይህን የመሰለ ሌላ ምሳሌ ያላችሁ አምጡ። የማትስማሙም ጻፉ።


ማስረጃ

ፀሐይዋን ስልኬ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ ሞከርኳት። በአንዱ መተግበሪያ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። በሌላው ግን ጉልህ ሆና ቀረች። ታዲያ የትኛውን ልመን?


የነርቭ ተማሪ

ወንድሜ፣ ልዩነቱ የመጣው ከመተግበሪያው ስሌት ነው። የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን በጣም ንቁ ነው፣ ለቀይ መለስ ያለ፣ ለሰማያዊ ደግሞ በጣም ደካማ። ይህን የሚያውቅ ስሌት ለአረንጓዴው ትልቅ ክብደት ይሰጣል፣ ለሰማያዊው ትንሽ። ሦስቱን እኩል የሚደምር መተግበሪያ ግን ከዓይን የተለየ ውጤት ያወጣል። ፎቶው ራሱ ሲነሳ የደረሰበት ለውጥም አለ። የሊቪንግስተን ሐሳብ በስልክ አይወድቅም፣ በስልክም አይጸናም። እውነተኛው መለኪያ ሸራው ፊት የሚደረግ የብርሃን ልኬት ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ። እኔ የማቀርበው ምሳሌ መስመር ነው።

ዴቪድ ሂዩቤልና ቶርስተን ቪዝል በ1958 ድመት እንዴት እንደምታይ እያጠኑ ነበር። ቀጭን ኤሌክትሮድ የድመቷ አንጎል ውስጥ አስገብተው የአንድ ነርቭ ሕዋስ ድምፅ ያዳምጣሉ። በመስታወት ስላይድ ላይ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ያሳይዋታል። ሕዋሱ ዝም። ብሩህ ነጠብጣብ ያሳይዋታል። አሁንም ዝም። ከዚያ ስላይዱን ሲያስገቡ ሕዋሱ በድንገት ተንጣጣ። የቀሰቀሰው ነጠብጣቡ አልነበረም። የመስታወቱ ጠርዝ የጣለው ቀጭን የጥላ መስመር ነበር። ያውም መስመሩ በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ አዘንብሎ ሲያልፍ ብቻ። ሌላ ሕዋስ ሌላ ማዘንበል ይፈልጋል። ውጤታቸውን በ1959 አሳተሙ፣ በ1981 ኖቤል ተሸለሙ።

ፒት ሞንድሪያን ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ሥዕሉን አራግፎ አራግፎ ቀጥ ያለ መስመርና አግድም መስመር ብቻ አስቀርቶ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሰሚር ዘኪ ሁለቱን አገናኛቸው። ሠዓሊዎች ሳያውቁት አንጎልን በራሳቸው መንገድ ያጠናሉ ብሎ ይከራከራል። ኒውሮኤስቴቲክስ (ውበትንና ጥበብን በአንጎል ሳይንስ የሚያጠናውን) የሚባለውን ዘርፍ ያቋቋመውም እሱ ነው።

እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። እነዚያ ሕዋሳት ለሁሉም ዓይነት ማዘንበል አሉ። ለሰያፍ መስመርም አሉ። ሞንድሪያን ግን ሰያፍን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ስለዚህ ሞንድሪያን የሕዋሱን ቋንቋ አገኘ ማለት ነገሩን ማስዋብ ነው።


ሥዕል መምህር

ልጆች፣ ደስ የሚል ውይይት ነው። ሞንድሪያን ሲነሳ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ይህ ሰው መስመር ላይ የደረሰው ስለ ዓይን እያሰበ አይደለም። በ1909 የቴዎሶፊ ማኅበር አባል ሆነ። ቁሳዊው ዓለም ከጀርባው የተደበቀ መንፈሳዊ ሥርዓት አለው ብሎ ያምን ነበር። ቋሚው መስመር አንድ ነገር ነው፣ አግድሙ ተቃራኒው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሚዛን ይመጣል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ጓደኛው ቴዎ ቫን ዱስቡርግ ሰያፍ መስመር ሲያስገባ ነገሩ ለመለያየታቸው ምክንያት ሆነ። አንድ የመስመር ማዘንበል ሁለት ወዳጆችን የሚያቃቅረው እምነት ሲሆን ነው። ይህን የድመት አንጎል አይነግረንም።

ሌላ ነገር። ሞንድሪያንን በመጽሐፍ ብቻ ያየ ሰው አላየውም። ሸራው አጠገብ ቁሙ። ነጩ ነጭ አይደለም። አንዱ ነጭ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ። የብሩሹ ጉዞ በአንዱ አራት ማዕዘን ወደ ላይ ነው፣ በሌላው ወደ ጎን። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከሠራቸው አንዳንዶቹ ላይ ጥቁሩ መስመር የሸራው ዳር ሳይደርስ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ያቺ የቀረች ክፍተት መላ ሥዕሉን ታስተነፍሰዋለች። «ቀጥ ያለ መስመር» ብላችሁ ስታልፉ ይህ ሁሉ ይቀርባችኋል።


ቀለም ወዳድ

መምህር፣ በእርስዎ ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን ጥያቄዎቹ ሁለት ይመስሉኛል። አንዱ ሞንድሪያን ለምን እንዲህ ሣለ የሚለው ነው። መልሱ ያለው በሕይወቱ፣ በእምነቱና በዘመኑ ውስጥ ነው። ሁለተኛው እኛ ፊቱ ስንቆም ምን ይሆንብናል የሚለው ነው። ያቺ እርስዎ ያሉዋት ክፍተት ሥዕሉን የምታስተነፍሰው በማን ዓይን ነው? በእርስዎም በእኔም ዓይን፣ ቴዎሶፊን ሰምተን በማናውቅ ሰዎች። እዚያ ላይ ሳይንሱ ሥራ አለው።


ማስረጃ

እኔ ደግሞ ስለ ማሽኑ ላውራ፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀው እሱን ነውና።

የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ሰው አስተኝቶ ሥዕል ማሳየት የተለመደ ነው። ማሽኑ የነርቭ ሕዋስን ሥራ በቀጥታ አያይም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። ለውጡ ከነርቩ ሥራ በሰከንዶች ይዘገያል። ማሽኑ የሚያያት አንዲት ትንሽ ነጥብ ውስጥም በጣም ብዙ ሕዋሳት አሉ። ከአውሮፕላን ላይ የከተማ መብራት አይቶ እቤት ውስጥ ምን እንደሚወራ ከመገመት ብዙም አይለይም።

በ2004 ካዋባታና ዘኪ አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎች ቆንጆ ያሏቸውን ሥዕሎች ሲያዩ ከዓይን በላይ፣ ከግንባር ጀርባ ያለ አንድ የአንጎል ክፍል ይበልጥ ሠራ። ጥሩ። ግን ያው ክፍል ጥሩ ምግብ ሲቀመስም ይሠራል፣ ገንዘብ ሲገኝም ይሠራል። ስለዚህ ያ ቦታ ስለበራ «ውበት ተገኘ» ማለት አይቻልም። ሰውየው ነገሩን ወደደው ማለት ግን ይቻላል። መውደዱን ደግሞ ራሱ ነግሮናል።

የስታቲስቲክሱ ጣጣም አለ። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት። ማሽኑ እጅግ ብዙ ነጥቦችን ስለሚለካ አንዳንዶቹ በአጋጣሚ ብቻ የሠሩ ይመስላሉ፤ ለዚህ ተገቢው እርማት ካልተደረገ የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ «እንቅስቃሴ» ይታያል። ይህን ያደረጉት ባልደረቦቻቸውን ለማስጠንቀቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ተሻሽሏል። ቢሆንም ቀይና ቢጫ የበራበት የአንጎል ፎቶ ባየሁ ቁጥር ስንት ሰው ተለካ፣ እርማቱስ ምን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ቀለም ሸራ ላይ እያንጠባጠበ ይሥል የነበረው የጃክሰን ፖሎክም ነገር እንዲሁ ነው። በ1999 ሪቻርድ ቴይለርና ባልደረቦቹ የፖሎክ የቀለም ጠብታዎች ፍራክታል ናቸው፣ ማለትም ከቅርብም ከሩቅም ሲታዩ ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው አሉ። ብዙ ተጻፈለት። በ2006 ጆንስ ስሚዝና ማቱር መልስ ሰጡ። እንደ ዋዛ የተሞነጫጨረ ሥዕልም ያንን መመዘኛ ሊያልፍ እንደሚችል አሳዩ። ክርክሩ ቀጥሏል።


የነርቭ ተማሪ

ማስረጃ፣ ስለ ማሽኑ ያልከው ልክ ነው። ግን ሁሉም ጥናት «ውበት እዚህ አለች» የሚል አይደለም። ሁለት ላንሣ።

በ2012 ኤድዋርድ ቬሰል፣ ጋብሪኤል ስታርና ናቫ ሩቢን 16 ሰዎችን 109 ሥዕሎች አሳዩ። ጥያቄው «ቆንጆ ነው ወይ» አልነበረም። ምን ያህል ነካህ የሚል ነው፣ ከ1 እስከ 4። የመጀመሪያው ግኝት ያለ ማሽን የተገኘ ነው። ሰዎቹ አልተስማሙም። አንዱን የነካ ሥዕል ሌላውን ንክች አላደረገውም። ሁለተኛው ግኝት ከማሽኑ መጣ። አንጎል ውስጥ ስለ ራሳችን ስናስብ፣ ትዝታ ስናነሣ የሚሠራ መረብ አለ። ወደ ውጪ ስናተኩር አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። 4 ያገኙትን ሥዕሎች ሲያዩ ግን ይህ መረብ አልወረደም። ለ3 እና ለ2 እንዲህ አልሆነም። ቀስ በቀስ የሚጨምር ነገር አይደለም፤ እጅግ የነካን ሥዕል ብቻ ነው ያ በር የሚከፈትለት።

ሁለተኛው የ2009 ነው። ኡልሪክ ኪርክና ባልደረቦቹ ረቂቅ ሥዕሎች፣ ማለትም የታወቀ ነገር የማይታይባቸው፣ አሳዩ። ለግማሹ «ከጋለሪ የመጣ»፣ ለግማሹ «በኮምፒውተር የተሠራ» የሚል መግለጫ አደረጉ። ከጋለሪ ነው የተባለው ይበልጥ ተወደደ። አንተ ያነሣኸው ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍልም ይበልጥ ሠራ። ይህ የሚያሳየው ዓይናችን ብቻውን እንደማያይ ነው። የሰማነው ነገር አብሮ ያያል።


አዲስ ገቢ

ሰላም፣ ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ረቂቅ ሥዕል አይገባኝም። ያየሁትን ሁሉ ሕፃን ልጅም ሊሠራው የሚችል ይመስለኛል። ከላይ ያለውን ጥናት ሳነብ ደግሞ «ያው፣ ጋለሪ ስለተባለ ነው የሚወዱት» የሚል አሳብ መጣብኝ። ተሳስቻለሁ?


ሥዕል መምህር

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ጥያቄህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። የምመልስላቸውም በአንድ ጥናት ነው።

በ2011 አንጀሊና ሃውሊ ዶላንና ኤለን ዊነር የታወቁ ረቂቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ከሕፃናት፣ ከዝንጀሮዎች፣ ከቺምፓንዚዎችና ከዝሆኖች ሥራ ጋር ጥንድ ጥንድ አደረጉ። ጥንዶቹ በቀለምና በአጣጣል ይመሳሰላሉ። ከዚያ የሥዕል ተማሪዎችንና ሥዕል ያልተማሩ ተማሪዎችን የቱ ይሻላል ብለው ጠየቁ። የሠዓሊው ሥራ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ተመረጠ። ያልተማሩትም እንኳ አገኙት። መግለጫውን አገላብጠው የሠዓሊውን ሥራ «የሕፃን» ቢሉትም ፍርዱ ወደ ሠዓሊው አደላ።

ልዩነቱ ሰፊ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ግን አለ። ሰዎቹ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ የሠዓሊውን ሥራ ከመረጡት ብዙዎቹ ስለ ሐሳብ፣ ስለ ዕቅድ፣ ስለ ውሳኔ አወሩ። እጁ የሚያስብ ሰው እንዳለ ይታወቃቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ አልገባኝም ያልከውን ነገር ዓይንህ ከአንተ ቀድሞ የያዘው ይመስለኛል።


አዲስ ገቢ

አመሰግናለሁ መምህር። ይሄን አላውቅም ነበር። ዝንጀሮና ሠዓሊ ለይቻለሁ ማለት ግን ሥዕሉ ነካኝ ማለት አይደለም አይደል?


ሥዕል መምህር

አይደለም። ጥሩ ለይተሃል።


ጥቁርና ነጭ

እስካሁን ኦፕ አርት፣ ማለትም በቅርጽና በመስመር ዓይንን የሚያታልለው ሥዕል፣ ሳይነሳ መቆየቱ ገረመኝ። የአንጎል ሳይንስና ዘመናዊ ሥዕል ፊት ለፊት የተገናኙበት ቦታ ካለ እሱ ነው።

የብሪጅት ራይሊን የ1961 የካሬዎች ሥዕል ተመልከቱ። ጥቁርና ነጭ ካሬ፣ በደርዝ በደርዝ። የሁሉም ቁመት እኩል ነው። ስፋታቸው ግን ወደ መሐል ሲጠጋ እየጠበበ እየጠበበ ክር ያህል ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ይሰፋል። ሌላ ምንም የለም። ግን ሸራው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጠፍጣፋ እንደሆነ እያወቃችሁ እንኳ ይታጠፋል። ማወቅ አይረዳም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የምናውቀው የማያርመው የማየት ደረጃ አለ ማለት ነው። ራይሊ ይህን ስትሠራ ኦፕቲክስ (የብርሃን ሳይንስ) አላጠናችም፤ ራሷ ተናግራለች። በእጇ፣ በወረቀት፣ እየሞከረች እያየች ነው የደረሰችበት።

ለቀለም ወዳድ ሐሳብ ደግሞ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኢሲያ ሌቪያንት የተባለ ሠዓሊ በ1981 የሠራው «ኢኒግማ» የተሰኘ ሥራ ነው። ከመሐል የሚፈነጥቁ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አሉ፣ በላያቸው ባለቀለም ቀለበቶች። ቀለበቶቹ ውስጥ አንድ ነገር ሲሽከረከር ይታያል። የሚንቀሳቀስ ነገር ግን የለም። ዘኪና ባልደረቦቹ በ1993 ሰዎች ይህን ሲያዩ እንቅስቃሴን የሚለየው የአንጎል ክፍል አካባቢ እንደሚሠራ አሳዩ። ስለዚህ ሽክርክሪቱ የአንጎል ሥራ ነው ተባለ። በ2008 ደግሞ የሱዛና ማርቲኔዝ ኮንዴ ቡድን የተመልካቾቹን ዓይን ለካ። ዓይናችን አንድ ቦታ ላይ ተክለነው እንኳ ጥቃቅን ዝላዮች ይዘላል፤ እኛ አይታወቀንም። እነዚህ ዝላዮች ሲበዙ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል፣ ሲቀንሱ ይዘገያል ወይም ይቆማል። ምንጩ ከዓይን ዝላይ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

አያችሁ? አንድ ሥዕል፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ፣ በልኬት የተለየ። «ውበት የት ነው» ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ ክርክር ማድረግ አይቻልም። ምን ቢገኝ ሐሳቡ እንደሚወድቅ አይታወቅማ።


ማስረጃ

ይህኛውን ወድጄዋለሁ። ሊወድቅ የሚችል ሐሳብ ነው።


ነጭ ጋዋን

እኔ የሕክምና ባለሙያ ነኝ። የሕመም ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ።

ከሞኔ ልጀምር። በ1912 የዓይን ሞራ እንዳለበት ተነገረው። ሞራው ሲወፍር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን ይቀንሳል፣ ዓለም ወደ ቢጫና ቡናማ ያዘነብላል። በዚያ ጊዜ የሣላቸው አንዳንድ የድልድይ ሥዕሎቹ ቀይና ቡናማ የነደደባቸው ናቸው፤ ድልድዩን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በ1923 ቀኝ ዓይኑ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ነገሮች እጅግ ሰማያዊ ሆነው ታዩኝ ብሎ ተማረረ። እስከ 1926 ዕለተ ሞቱ ድረስ ትልልቆቹን የውሃ አበባዎች ሲያስተካክል ኖረ። ሞራው ቀለሙን ያስረዳል። ለምን እንደዚያ ግዙፍ ሸራ እንዳነሣ ግን አያስረዳም።

ከባዱ ጥያቄ ዊለም ደ ኩኒንግ ነው። በ1980ዎቹ የመርሳት በሽታ ይዞት ከ300 በላይ ሥዕሎች ሠራ። የድሮው ሥራው የተጨናነቀ፣ የተፋቀ፣ የተደራረበ ነው። የኋለኛው ሰፊ ነጭ፣ በላዩ ረጃጅም ቀይና ሰማያዊ ጥብጣቦች። አንዳንዱ ሰው «በሽታው ነው የሣለው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «በመጨረሻ ነፃ ወጣ» አለ። እኔ ሁለቱንም አልወድም። እጁ ለአሥርት ዓመታት የለመደውን ያውቃል። የብሩሽ ልማድና የቃል ትዝታ አንጎል ውስጥ የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ነው። አንዱ ሲፈርስ ሌላው ብዙ ሊቆይ ይችላል።

ዊልያም አተርሞለን ደግሞ በ1995 አልዛይመር እንዳለበት ካወቀ በኋላ የራሱን ፊት መሣሉን ቀጠለ። በዓመታት ውስጥ ፊቱ እየፈረሰ ሲሄድ ይታያል። እነዚያን ሥዕሎች በሕክምና ገለጻ ላይ እንደ ምልክት ዝርዝር ሲያሳዩዋቸው ያመኛል። ቦታና መጠን የመለየት ችሎታው እንደ ቀነሰ ያሳያሉ፣ እውነት ነው። ግን ሰውየው ችሎታው እየከዳው መሆኑን እያወቀ ብሩሽ ያነሣ ነበር። በምርመራ ወረቀት ላይ ይህ አይገኝም።

ቹክ ክሎዝን የጠቀሰም የለም። ይህ አሜሪካዊ ሠዓሊ የሰው ፊት መለየት አይችልም ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ የሣለው ፊት ነው፣ ያውም ግዙፍ። ፎቶ ያነሣል፣ ፎቶውን በካሬ በካሬ ይከፍላል፣ እያንዳንዱን ካሬ ወደ ሸራው ይገለብጣል። ጠፍጣፋ የሆነ ፊት ለእሱ ይታወሰዋል፤ የሚንቀሳቀስ ፊት ግን ይጠፋበታል። ዴኒስ ፔሊ በ1999 የእሱን ሥዕሎች ይዞ ጥናት ሠራ። ቀረብ ስትሉ ባለቀለም ካሬ ብቻ ነው። ራቅ ስትሉ አፍንጫው ከሸራው ይወጣል። ያ የሚሆንበት ርቀት በካሬው መጠን እንደሚወሰን አሳየ። ይህን ሙዚየም ውስጥ ማንም ሰው በእግሩ ሊሞክረው ይችላል።


ቀለም ወዳድ

ስለ ደ ኩኒንግ ያልከውን ሁለቴ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

ስለ ተመልካቹ አንድ ነገር ልጨምር። ኤሪክ ካንዴል በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ትዝታ እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ በ2000 ኖቤል የወሰደ ሰው ነው። ቪዬና ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚ የሸሸ። በኋለኛው ዕድሜው ሥዕል ላይ ጻፈ። አሎይስ ሪግል፣ ኧርንስት ክሪስና ኧርንስት ጎምብሪች ከተባሉ የቪዬና ምሁራን የወሰደው ሐሳብ አለ፤ ሥዕል የሚጠናቀቀው በተመልካቹ ነው የሚል። ካንዴል እንደሚለው ረቂቅ ሥዕል ለዓይን የሚሰጠው የታወቀ ነገር ትንሽ ነው። ፊት የለም፣ ዛፍ የለም። ስለዚህ አንጎል ከራሱ ትዝታና ስሜት ብዙ መጨመር አለበት።

ይሄ እስከዚህ ድረስ ንግግር ብቻ ነው። በ2020 ግን ከባልደረቦቹ ጋር በሙከራ ፈተኑት። ለሰዎች ሥዕል አሳይተው፣ ይህን ሥዕል ነገ በሚከፈት ጋለሪ ትሰቅለዋለህ ወይስ ከዓመት በኋላ በሚከፈት? ቅርብ ባለ ጋለሪ ወይስ ሩቅ ባለ? ብለው ጠየቁ። ረቂቁ ሥዕል ወደ ሩቁ ጊዜና ወደ ሩቁ ቦታ አደላ። ሰው ሩቅ ያለን ነገር በጥቅሉ፣ ቅርብ ያለን በዝርዝር እንደሚያስብ ከሥነ ልቦና ጥናት ይታወቃል። ረቂቅ ሥዕል በእርግጥ ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ይጠራል ማለት ነው።


ማስረጃ

ማሽን ሳይኖር፣ በአንድ ጥሩ ጥያቄ ብቻ! ከዚህ ክር የምወስደው አንዱ ነገር ይሄ ነው። የአንጎል ሳይንስ የሚባለው ግማሹ ሰውን በብልሃት መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጸናውም እሱ ነው።


ሥዕል መምህር

አንድ ቅሬታዬን ልናገር። በነዚህ ጥናቶች ሰውየው ምን ያያል? በጀርባው ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ታስሮ፣ በትንሽ መስታወት ውስጥ የሥዕል ፎቶ ለጥቂት ሰከንድ ያያል። ማሽኑም ይጮኻል።

ማርክ ሮትኮ ተመልካቹ ሥራውን ከ45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ እንዲያየው ይፈልግ ነበር። ሸራው ከሰው ይበልጣል። ዳሩ ከዓይናችሁ ጥግ ያመልጣል፣ የቀለሙ ጠርዝ ይሟሟል፣ የት እንደቆማችሁ ይጠፋችኋል። ሂዩስተን ውስጥ በ1971 የተከፈተው የጸሎት ቤት 14 ጥቁር ሊባሉ የሚችሉ ሸራዎች አሉት። ገብታችሁ ስትቀመጡ መጀመሪያ ምንም የለም። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ወይን ጠጅ ይወጣል፣ ቡናማ ይወጣል። ይህ ደቂቃዎችን ይፈጃል። በሰከንዶች የተለካ ነገር የዚያን ሥራ ምኑንም አልለካም።


የነርቭ ተማሪ

መምህር፣ ቅሬታዎ በዘርፉ ውስጥም ይነሣል። አሁን ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ የኤሌክትሪክ መለኪያና እንደ መነጽር የሚደረግ የዓይን መከታተያ አለ። ሰው እየተራመደ ሙዚየም ውስጥ ሊለካ ይችላል። ጉድለቱ እርምጃውና የአንገት ጡንቻው ልኬቱን ይበክሉታል። ወደ ጥልቁ የአንጎል ክፍልም አይደርስም።

እኔ ማየት የምፈልገው ሙከራ ይሄ ነው። በ2012ቱ ጥናት እንደተደረገው ሥዕሎችን በፎቶ አይተው ከ1 እስከ 4 ነጥብ የሰጡ ሰዎች ይወሰዱ። እነዚያኑ ሥዕሎች በአካል ፊታቸው ቆመው፣ ጊዜ ሳይገደብባቸው እንደገና ነጥብ ይስጧቸው። በፎቶ 2 ያገኘው በአካል 4 ከሆነ ስንት ጊዜ ሆነ? ሞንድሪያን ላይ ነው ወይስ ሮትኮ ላይ? የእኔ ግምት ሮትኮ በብዙ ይዘላል፣ ራይሊ ግን እምብዛም አትለወጥም የሚል ነው፤ የእሷ ካሬዎች ስክሪን ላይም ይታጠፋሉና።


ጥቁርና ነጭ

በራይሊ አልስማማም። ስክሪን ላይ ይታጠፋል፣ እሺ። ትልቁ ሸራ ፊት ግን ሰውነታችሁም ይወዛወዛል። ሙከራው ሲሠራ ቁመናንም ለኩ፤ ተመልካቹ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዋልል የሚመዘግብ መቆሚያ አለ።


የነርቭ ተማሪ

ይሄ ይጨመር። መቆሚያው ከጭንቅላት መለኪያው ይልቅ ርካሽም ነው፣ አስተማማኝም ነው።